የምሽት አለቅነቴን ስለመመለሴ

አዝላ ላሳደገችኝ፣ ከእናቴ ቀጥላ እናቴ ለሆነችው ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፦

እንደምን አለሽ? እንደምን ከረምሽ? ወገብሽ እንዴት ነው? ስፌት መኪናሽ ላይ ስታጎነብሺ የሚይዝሽ ውጋት ተወሽ ወይስ አሁንም አብሮሽ ይሰፋል? ባልሽ ጋሼስ ጉልበቱ ተሻለው? ግድግዳ መገንባቱን ቀነስ አድርጎ ይሆን ወይስ አሁንም እያነከሰ መሰላል ይወጣል? እማዬ በደህናው ጆሮዋ ትሰማለች? ያኛው ጆሮዋ እንኳ የኔን ጉራ ሽሽት ብሎ ነው የደነቆረው፤ አልቀየመውም። የኔን ጤና ከጠየቅሽ፣ ናፍቆታችሁን ለብቻው ካስቀመጥነው፣ ጠላት የሚያስቀና ነው። ፊቴ ወዝቷል፤ እንፋሎት ስለሚጠጣ ነው ይላሉ። እኔ ግን መልኬ ነው እላለሁ።

አሁን ጽሑፉን እያየሽ «ደግሞ ማንን ለምኖ አስጻፈ?» ማለትሽ አይቀርም። ማንንም አልለመንኩም። ከላይ እስከ ታች የገዛ እጄ ሥራ ነው። በተለይ አራት ነጥቦቼን እዪልኝ። ከክፍላችን ውስጥ እንደኔ አራት ነጥብ የሚያሳምር የለም። ከጎኔ የሚቀመጠው የባንክ ዘበኛ የሚያደርጋቸው ነጥቦች ምስር የተበተነ ነው የሚመስሉት፤ የኔዎቹ ግን እንደ ወታደር ተሰልፈው ይቆማሉ። ይኸው።

የምጽፍልሽ ግን ለጉራ ብቻ አይደለም። ለጉራም ነው፤ ለጉራ ብቻ ግን አይደለም። ባለፈው በስልክ «የምሽት ፈረቃ አለቃ ሆንኩ» ብዬ ሳበስርሽ እልልታሽ ጆሮዬን አደንቁሮት ነበር። ከዚያ ወዲህ ለወፍጮ ቤቷ ሴትዮ እንደነገርሻት፣ እሷም ከዱቄቱ ጋር ለሰፈሩ ሁሉ እንዳደለችው ሰምቻለሁ። እታለም፣ ያ አለቅነት አሁን የለም። አልተባረርኩም፤ ከማንም አልተጣላሁም፤ የሰው ነገርም አልነካሁም። በገዛ አፌ መልሼዋለሁ። ቁጣሽ ቀድሞኝ ከመድረሱ በፊት ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ብቻ ቆመሽ እንዳታነቢ፤ ወገብሽን አስቢ።

የሆቴሎችና የሐኪም ቤት አንሶላ በሚታጠብበት ላውንደሪ እንደምሠራ ታውቂያለሽ፤ ነገር ግን ስልክ እንፋሎት አያሳይም። ጠዋት በሩን ከፍተሽ ስትገቢ ደመና ወርዶ ቤት የተከራየ ይመስላል። ሰው አይታይም። ሳል ይሰማል፣ ሳቅ ይሰማል፤ ቀስ ብሎ አንድ ክንድ ብቅ ይላል፣ ከዚያ አንድ ፊት። በወዲያ ጥግ ማጠቢያ ማሽኖቹ ሆዱን እንደሚቆርጠው ሰው ያጉረመርማሉ። መሀል ላይ ደግሞ እርጥቡን አንሶላ በአንድ ወገን ጎርሶ በሌላው ወገን ደረቅና ትኩስ አድርጎ የሚያወጣ ትልቅ የሚሽከረከር ካውያ አለ። እኔና ተጣማጄ ፊቱ ቆመን የሚያወጣውን እንቀበላለን። እሷ ሁለቱን ጫፍ ትይዛለች፣ እኔ ሁለቱን። ወደ ኋላ እንራመዳለን፤ አንሶላው መሀላችን ላይ እንደ ሐይቅ ይዘረጋል፤ እፍ ብሎ ይነሳል፣ ይተኛል። ከዚያ እንቀራረባለን፣ እጃችን ይነካካል፣ ደግሞ እንራራቃለን። የማያውቅ ሰው ቢያየን ዳንስ የማስተምራት ይመስለዋል፤ እውነትም የማስተምራት እኔ ነኝ። ተጣማጄን ሁሉም ሰው ዝሜ ይላታል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቃል አይወጣትምና። እኔን ጉራው ይሉኛል፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

በዚያ በሚሞቅ ነጭ ነገር ፊት ቆሞ የሚውል ሰው በቁሙ ያልማል። እኔ ድሮ የማልመው አለቅነት ነበር፤ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ በእንፋሎቱ ውስጥ ስንጎራደድ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ማታ ማታ ለትልልቅ ሰዎች በሩን እንደሚከፍት የሰማሁ ዕለት ግን ሌላ ሕልም ገባብኝ። ከሥራ ወጥቶ መንገድ መሻገር ብቻ ነው። ወንበሩ የሕፃናት ስለሆነ ጉልበቴ ከጠረጴዛው በላይ ብቅ ብሎ አብሮኝ ይማራል። አስተማሪያችን በዕድሜ ታናሼ ናት፤ ቀን ሕፃናት፣ ማታ እኛን ታስተምራለች። ስንሳሳት በልማድ «አይዞህ የኔ ቆንጆ፣ እንደገና ሞክር» ትለናለች። ዘበኛው እንዲህ ሲባል ጢሙን እየነካካ አንገቱን ይሰብራል።

እታለም፣ ፊደል ለኔ ከዚያ በፊት የተበታተነ ጭራሮ ነበር። አሁን ሁሉም ሰው ሆነው ታዩኝ። በ መዝጊያው የተወሰደ በር ናት። ሰ እግሩን አንፈራጦ ታክሲ የሚጠብቅ ሰውዬ ነው። ሀ አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ዝናብ የሚጠብቅ ባልዲ ነው። እያንዳንዱ ደግሞ ብቻውን አይኖርም፤ እንደኛ ቤት ተፋፍጎ ነው። ሁለተኛው ከወገቡ እጅ ያወጣል፤ ሦስተኛው ጫማ ያደርጋል፤ አራተኛው አንድ እግሩ አጥሮ ያነክሳል፤ አምስተኛው እግሩ ላይ ቀለበት አስሮ ይኮራል። ስድስተኛው ግን የሚሆነውን ራሱም አያውቅ። አንዱ ቤት ጎኑ ይሰበራል፣ ሌላው ቤት አናቱ ላይ ጭራ ያበቅላል፤ ሥርዓት የለው፣ ምክር አይሰማ፣ ቁርጥ የመጨረሻው ወንድማችን ማሙሽ።

ቀስ በቀስ ከተማው ያናግረኝ ጀመር። ስንት ዘመን እንደማያውቁኝ ሆነው ሲያሳልፉኝ የኖሩ ግድግዳዎች ድንገት ስም አወጡ። መድኃኒት ቤቱ መድኃኒት ቤት ነኝ አለኝ። ፀጉር ቤቱ ና ላስተካክልህ አለኝ። ማታ ከክፍል ስወጣ መንገዱ እንደ ውሃ የሚያስኬደኝ፣ እግሬ መሬት የማይነካ ይመስለኝ ነበር፤ ቤት እስክደርስ በሰላምታ ብዛት እደክማለሁ። ሰፈራችን መግቢያ ላይ ያለው የዳቦ ቤት ሰሌዳ በጣም ረጅም ነው። እሱን እስክጨርስ ተገትሬ ስቆም፣ ሰው ሰልፍ መስሎት ከኋላዬ ይሰለፍ ነበር።

በዚህ መሀል የእንግዳ ወራት መጣ። ሆቴሎቹ ጢም ብለው ሞሉ፤ ያንደኛው ማጠቢያ ሞተርም ተቃጠለ። አንሶላው በሩ ላይ ተራራ ሆነ። አለቃችን፣ በቁመቱ አጭር በድምፁ ረጅም የሆነው ሰው፣ ከጠዋት ጀምሮ ይጮሃል። ቤት ስገባ አብሮኝ የሚኖረው ሹፌር የሚነግረኝ ብሶት አያጣም። ከናንተ ዘንድ ማሙሽ በየቀኑ እየደወለ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤ አትቆጪው፣ እኔ ነኝ ያስለመድኩት። ክፍል ስገባ ደግሞ አስተማሪዋ ገጽ ሙሉ አንብቡ ትላለች። ጭንቅላቴ እንደ ማጠቢያ ማሽን ሆነ፤ ነጩንም ቀለሙንም አንድ ላይ ከቶ ያዞራል። ሲወጣ ሁሉም ነገር ቀለሙ ተነካክቶ ነው የሚወጣው። ምግብ ይዤ ስለ አንሶላ አስባለሁ፣ አንሶላ ይዤ ስለ ፊደል፣ ፊደል ይዤ እተኛለሁ።

እኔ መቼም ብልህ ነኝ። ለማጥናት ጊዜ ካጣሁ ሥራው ላይ አጠናለሁ አልኩ። የቤታችንን ደንብ ልንገርሽና ብልህነቴን እዪው። አንሶላው ከካውያ ሲወጣ እድፍ ካየንበት ጫፉ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ ምልክት እናደርጋለን። ከዚያ በጋሪ ወደ መደርደሪያ ክፍል ይሄዳል። እዚያ ያሉት ሴቶች ሰማያዊ ካዩበት፣ ሳይገልጡ ሳያገላብጡ ወደ ማጠቢያው ይመልሱታል። ጠመኔውን ውሃ ያጠፋዋል፤ እድፉንም እንደዚሁ። ስለዚህ ጠመኔ ከኪሴ አይጠፋም። ያን ቀን ዝሜ ጫፏን እስክታስተካክል ድረስ እኔ በራሴ ጫፍ አንዲት ፊደል ጣል አደርጋለሁ። በ። ቡ። ቢ። ነጭ፣ ሙቅ፣ ሰፊ! የትኛው ባለጸጋ ነው እንዲህ ያለ ደብተር ያለው? እጽፋለሁ፣ አጥፋለሁ፣ ደግሞ እጽፋለሁ። በዚያ እንፋሎት መሀል ቆሜ ሰማይ ላይ የምጽፍ ነበር የመሰለኝ።

ለካ የጻፍኩበት ሁሉ ተመልሶ ይታጠባል! ታጥቦ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ እጽፍበታለሁ፤ ደግሞ ይመለሳል። ያው አንሶላ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ዋለ። ማጠቢያ ላይ ያለው ሰውዬ «ዛሬ እዚያ ሆቴል ያደረው ሰው ነው ወይስ የከሰል ነጋዴ?» እያለ ይራገማል። ቀኑ ሲያዘቀዝቅ የሆቴሉ መኪና ሊጭን መጣ። መደርደሪያው ባዶ ነው። አለቃችን እየሮጠ መጥቶ አንዱን አንሶላ ገለጠና «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ከመደርደሪያ ክፍል አንዷ ሴትዮ «እድፍ ነዋ» አለችው። አለቃችን ጥቂት አየውና «እድፍ በተራ በተራ ይሰለፋል እንዴ?» አለ። ቤቱ ሁሉ ወደኔ ዞረ። መደበቂያ አልነበረኝም፤ እጄ እስከ ክርኔ ሰማያዊ ነው። «ጉራው እኮ በአፉ አልበቃ ብሎት ጉራውን ለእንግዶች አልጋ ላይ ማንጠፍ ጀመረ!» አለ ያው የማጠቢያው ሰውዬ።

ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ ይል ነበር። እኔ ግን አጨበጨብኩና «ወገኖቼ፣ ጽሑፌን ሳታነቡ በማጠባችሁ አዝኛለሁ። ይሁን እንጂ ይህ መኪና ባዶውን ከተመለሰ ነገ ሁላችንም የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ነው የምንቆመው። እኔስ አነበዋለሁ፤ እናንተን ምን ይውጣችሁ?» አልኩ። ሳቁ። የሳቀ ሰው እጁ ይፍታታል። እየዘፈንን፣ እየተሰዳደብን፣ ያንን ሁሉ አውጥተን፣ ተኩሰን፣ አጥፈን ሳይጨልም መኪናው ላይ ጫንነው። ቀልዶቼን ሁሉ ልጽፍልሽ ነበር፤ አንዳንዶቹ ግን ለእማዬ ደህና ጆሮ አይሆኑም።

በማግስቱ አለቃችን አስጠራኝ። አበቃልኝ ብዬ ገባሁ። «ጥፋትህ ከዝሆን ይከብዳል። ነገር ግን እንዲህ ያለ መአት ወርዶ ሰው እየሳቀ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። የምሽት ፈረቃ ልንከፍት ነው። አለቃ ሁን» አለኝ። የምሽቱ ፈረቃ ሰዓት ከትምህርቴ ሰዓት ጋር አንድ ነው። ይህን አውቃለሁ። አፌ ግን ከኔ ቀድሞ እሺ አለ። ያንቺ እልልታ ያኔ ነው።

መጀመሪያ ላይ እንደ ሕልሜ ነበር። ፊሽካው አንገቴ ላይ፣ እጄ ኋላዬ፣ እንፋሎቱ ሳልፍ የሚከፈትልኝ መጋረጃ። አንድ እንቅፋት ብቻ ነበር፤ ከላይ ያለው የአለቃ ክፍል መስኮት ወደ መንገዱ ነው የሚያየው። ማዶ የክፍላችን መብራት ይታያል። የአስተማሪዋ ክንድ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ የምትጽፈው ግን ከዚያ አይለይም። እንፋሎቱ መስታወቱን ይሸፍነዋል፤ በእጅጌዬ እጠርገዋለሁ፤ ተመልሶ ይሸፍነዋል። በውሃው ጠብታ ውስጥ ክፍሉ ሁሉ ተንሳፍፎ የሚሄድ ጀልባ ይመስላል፤ መብራቱን አብርቶ፣ እኔን ዳር ላይ ትቶ። ራሴን እንዲህ አልኩት፦ ሥራው ቀለል ሲል እመለሳለሁ። እታለም፣ ሥራ ቀለል ሲል አይተሽ ታውቂያለሽ? ሥራ ማለት እንደ ጋሼ የአጎት ልጅ ነው። አንድ ቀን ላድር ብሎ ይመጣና አልጋሽን ወስዶ አንቺን መሬት ያስተኛል።

አንድ እሑድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ሰሌዳውን ቀና ብዬ አየሁት። ዝም አለኝ። ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ፤ መልካቸው አልጠፋኝም። ስማቸውን ብጠራ ግን አቤት የሚል የለም። አንዱን ሳስታውስ ሌላው ያመልጠኛል። ሰዎች ከኋላዬ ተሰለፉ፤ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ትገዛለህ ወይስ ታስገዛለህ?» አሉኝ። ሳልገዛ ተመለስኩ። መድኃኒት ቤቱ ዝም፣ ፀጉር ቤቱ ዝም፤ ያ ሁሉ ወዳጅ ግድግዳ ፊቱን እንዳዞረብኝ አለፍኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ለካ ስለኔ ኖሯል። ያን ቀን የምቀልደው ነገር አጥቼ ዋልኩ። ሹፌሩ አሞሃል ወይ ብሎ ግንባሬን ነካ።

ሰኞ ምሽት ከአለቃው ክፍል ወርጄ ዝሜ ፊት ቆምኩና ጫፍ ያዝኩ። እሷም የምሽት ፈረቃ ላይ ነበረች። ክምሩ አጠገባችን ጣራ ሊነካ ምንም አልቀረው። «ይሄ ሁሉ መቼ ያልቃል?» አልኳት፤ መልስ ጠብቄ አይደለም፣ ግድግዳ ማናገር ልማዴ ስለሆነ ነው። እሷ ግን «ክምሩን የምታየው አንተ ነህ። እኔ አይቼው አላውቅም» አለችኝ። ደንግጬ «ታዲያ ምን ታያለሽ?» አልኳት። «ጫፉን» አለች። አንሶላው ተነሳ፣ ተኛ። ተቀራርበን ጫፏን ስታቀብለኝ ደግሞ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። አንተ የቱ ላይ ነህ?» አለችና አፏን ዘጋች። የዓመት ቃሏን በአንድ ምሽት ጨረሰችው።

በማግስቱ ጠዋት ፊሽካውን አለቃችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። «ምነው፣ ተበላሸ?» አለኝ። «አይ፣ እኔ ነኝ የተበላሸሁት። ወደ ቀን ፈረቃ ይመልሱኝ» አልኩት። «ጤነኛ ነህ? ሰው ወንበር ሲሰጡት ይቀመጣል እንጂ ወንበር ፍለጋ መንገድ ይሻገራል?» ብሎ ጮኸ። «ያኛው ወንበር ትንሽ ነው፤ ግን ልኬ እየሆነ ነው» አልኩት። ይህን መልስ ስመጣ በመንገድ ላይ ነው ያዘጋጀሁት፤ አያምርም? «ፊደል ቆጥረህ ማን ልትሆን ነው?» አለኝ። ለዚህኛው አልተዘጋጀሁም ነበር። «እዚያ ጋ ገና አልደረስኩም፤ ሳነበው እነግርዎታለሁ» አልኩት። ፊሽካውን አነሳና አገላበጠው። ሊስቅ ይሁን ሊያባርረኝ አላወቅኩም፤ እሱም ያወቀ አልመሰለኝም። በመጨረሻ «የካውያው ቦታህ ተይዟል። ያለው እርጥቡ ጋ ነው። ማንስ ይተካሃል?» አለ። ዝሜን ጠራሁለት። «እሷ በየት አፏ?» አለ። «ፊሽካውስ?» አልኩት። ያኔ ሳቀ።

አሁን የምሽቱ አለቃ ዝሜ ናት። እኔ ከነበርኩበት ጊዜ ይልቅ ሥራው ቶሎ ያልቃል ብለው ያወራሉ፤ አሉባልታ ነው። እኔ ቀን ቀን እርጥቡ ጋ ነኝ። ከማሽኑ ሆድ የተጠማዘዘ አንሶላ ጎትቶ ማውጣት ነው፤ በሬ ከገደል እንደ ማውጣት ያለ ሥራ። ጣቶቼ ተሸብሽበው የእማዬን ጣት መስለዋል፣ ትከሻዬ ግን የትግል ተወዳዳሪ ትከሻ ሆኗል፤ ስመጣ ታዪዋለሽ። ማታ መንገዱን ስሻገር ከእጅጌዬ ውሃ ይንጠባጠባል። የመጀመሪያው ምሽት ክፍል ስገባ ዘበኛው ባርኔጣውን ከወንበሬ አነሳና ምንም ሳይለኝ በእጁ ጠረግ ጠረግ አደረገልኝ። ሌሎቹ ርቀው ሄደዋል። እኔ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ፣ ባዶ በርና ባልዲ ወዳሉበት።

ቀለለልኝ ብዬ አልዋሽሽም። ማሽኑ ጭንቅላቴ ውስጥ አሁንም ይዞራል። ግን ገጹ ሲያስፈራኝ በእጄ ሸፍኜ አንዲት መስመር ብቻ እተዋለሁ። ስትያዝ እጄን ዝቅ አደርጋለሁ። ስልኬን ለዘበኛው አስረክባለሁ፤ ጥበቃ ሙያው ነው። ማሙሽ ማታ ቢደውል የሚያነሳለት እሱ ስለሆነ በትሕትና ያናግረው። አንዳንዴ እንቅልፍ ጠረጴዛው ላይ ይጥለኛል፤ ፊደሎቹ በእርጥብ እግራቸው ሰፊ ነጭ ሜዳ ላይ ሲሄዱ፣ ዳናቸው ኋላቸው ሲያበራ አያለሁ። ስነቃ ምራቄ ነው። ደብተሩን ጠርጌ እቀጥላለሁ።

ትናንት ምሽት ተራ ደረሰኝ። እያንዳንዳችን የራሳችንን ጽሑፍ በክፍሉ ፊት ማንበብ ነበረብን፤ ወደሚቀጥለው ክፍል የሚያልፈውና የሚደግመው የሚለየው በዚያ ነው። እኔ የዚህን ደብዳቤ መጀመሪያ ይዤ ወጣሁ። ሠርግ ላይ ሳልጠራ ንግግር የማደርገው ሰውዬ፣ እታለም፣ ድምፄ ጠፋ። ዘበኛው ከኋላ «አይዞህ የኔ ቆንጆ፣ እንደገና ሞክር!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ድምፄም ተመለሰ። ቀስ እያልኩ አነበብኩ። ስለ አራት ነጥቡ ያለው ቦታ ስደርስ ዘበኛው «ቆይ፣ ውጭ እንገናኛለን» አለኝ። «ወገብሽን አስቢ» እስከሚለው ሄድኩና ቆምኩ። አስተማሪዋ «አልፈሃል» አለች። የኔ ቆንጆ አላለችኝም፤ አንቱ ልትለኝ ሁሉ ምንም አልቀራት። ያኔ ዘበኛው እጁን አውጥቶ «እህቱስ ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። «ገና አልላክሁትም» አልኩ። እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው ያንቺን መልስ እየጠበቀ ነው።

ስለምልክላችሁ ገንዘብ አታስቢ፤ እንደ ድሮው ነው። ለወፍጮ ቤቷ ሴትዮ አለቃ ነው ያልሻትን ተማሪ ነው ብለሽ አርሚልኝ። የምታፍሪ ከሆነ ተይው፤ ስመጣ እኔው እነግራታለሁ። ከአለቅነቱ ይልቅ ለዚህኛው ነው ጉራዬ የሚበዛው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይህን ሁሉ በደህናው ጆሮዋ በኩል ጮክ ብለሽ አንብቢላት፣ ቀልዱን እንዳታስቀሪ። ጋሼን መሰላሉን ይተው በይልኝ፤ የሠራው ግድግዳ ሳይፈርስ ጉልበቱ እንዳይፈርስ። ልጅሽን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ከሷ ክፍል ልደርስባት እየሮጥኩ ስለሆነ ወደ ኋላዋ ትይ። ማሙሽን ስድስተኛው ፊደል ብዬ እንደጠራሁት ንገሪው፤ ትርጉሙን ራሱ ይፈልግ። ጎረቤቶቻችንን፣ የጠየቀኝንም ያልጠየቀኝንም፣ ሰላም በይልኝ።

አንቺ ግን እታለም፣ መልስሽን በስልክ እንዳትነግሪኝ። በስልክ ወደ አለቅነትህ ተመለስ ብትዪኝ አፌ ይቀድመኝና ቃሌን አጥፌ እሺ እልሻለሁ። ጻፊልኝ። ከተቆጣሽ ቁጣሽን፣ ከተሳደብሽም ስድብሽን አንድም ሳታስቀሪ ጻፊው። አጠገቤ ማንም ሳይኖር፣ ማንም ሳይረዳኝ አነበዋለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከላውንደሪው ማዶ፣ ከማታ ትምህርት ክፍል
ሐሙስ፣ አስተማሪዋ ከመግባቷ በፊት